መዝገቡ በማን እጅ ነው? ጎጃምና የመረጃ ማኅበረሰብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ መረጃ ማኅበረሰብ ነው። ይህ ስም ሲጠራ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር፣ ወደ ዘመናዊ ስልክና ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። እኛ ግን ጨዋታችንን ከእርሻ መሬት እንጀምራለን። በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ወረዳ፣ ለደብረ ማርቆስ ቅርብ የሆነ አዲስና ጉሊት የሚባል ቀበሌ አለ። ዛሬ 20 ዓመት አልፎታል፣ በአማራ ክልል የገጠር መሬትን በስም በስሙ የመመዝገብ ሥራ ሲታሰብ ለሙከራ ከተመረጡት ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ይኸው ነበር። ሁለተኛው በደቡብ ወሎ ያለው ገራዶ ነው። የመረጃ ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚመጣና ጠባዩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ ቀበሌ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

አስቀድሜ ግን ሐሳቡ በሌላው ዓለም ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ፍሪትዝ ማክሉፕ የተባለ፣ ኦስትሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከአሜሪካ ሀብት ውስጥ ዕውቀትን በማመንጨትና በማሰራጨት የሚገኘው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ ለማሳየት ሞከረ። በ1973 ደግሞ ዳንኤል ቤል የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ተነሥቶ፣ በአሜሪካ ከ1956 ጀምሮ በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በመሳሰለው የሚሠራው ሰው ቁጥር በጉልበቱ ከሚሠራው መብለጡን አመለከተ፤ ከፋብሪካው ዘመን ቀጥሎ አዲስ ዓይነት ማኅበረሰብ እየመጣ ነውም አለ። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በ2003 በጄኔቫ፣ በ2005 በቱኒስ የተባበሩት መንግሥታት በዚሁ በመረጃ ማኅበረሰብ ጉዳይ የዓለም ጉባኤ ጠሩ።

በእነ ዳንኤል ቤል አቆጣጠር ከሄድን የጎጃም ደጋ ገና ሩቅ ነው። ከጮቄ ተራራ ሥር እስከ አባይ በረሃ አፋፍ ድረስ አብዛኛው ሰው የሚያድረው በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስና በድንች ነው። ፋብሪካ ሳይበዛ ስልክ ቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ የቢሮ ሠራተኛ መቁጠሩ ለእኛ ብዙም አይነግረንም። እኔ መለኪያው ሌላ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። የሰው መሬቱ፣ ገንዘቡና የምርቱ ዋጋ በትዝታና በአፍ ምስክር መወሰኑ ቀርቶ በተመዘገበ መረጃ መወሰን ሲጀምር፣ ያ አገር ወደ መረጃ ማኅበረሰብ እየገባ ነው። ያን ጊዜ ትልቁ ጥያቄ መዝገቡን ማን ይይዘዋል፣ ግልባጩስ ለማን ይደርሳል የሚለው ይሆናል።

በርስት ዘመን የነበረውን እንመልከት። በጎጃም አንድ ሰው መሬት ለመጠየቅ፣ አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት በእናቱም ይሁን በአባቱ በኩል መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሥርዓት አጥንቷል። መጽሐፉ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973፣ የዳንኤል ቤል መጽሐፍ በታተመበት በዚያው ዓመት ነው። አንዱ አሜሪካ ውስጥ ስለሚመጣው ዘመን ሲጽፍ፣ ሌላው ዕውቀት በጎጃም ገበሬ ዘንድ መሬት እንዴት እንደሚያስገኝ እየጻፈ ነበር። የትውልድ ሐረጉ የሚገኘው በአዛውንቶች አእምሮ ውስጥ ነው። ሐረግ ጠንቅቆ የሚቆጥር፣ በሙግት አንደበቱ የተባ ሰው ሲከበርና ሲፈራ የኖረው በከንቱ አይደለም፤ አንዱን ቅርንጫፍ ሲያስታውስ አንድ ቤተሰብ ይነሣል፣ ሲዘነጋ አንድ ቤተሰብ ይወድቃል። መረጃ ያኔም ኃይል ነበር ማለት ነው። ሴቶችና ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች በዚህ ሙግት ብዙ ጊዜ ተሸናፊ የነበሩትም ለዚሁ ነው፤ ሐረጋቸውን የሚቆጥርላቸው አያገኙም።

መንግሥት ይህንን በአዛውንት አእምሮ ውስጥ ያለ ዕውቀት ወደ ወረቀት ለማውጣት በየጊዜው ሞክሯል። የጎጃም ገበሬ ደግሞ በየጊዜው እንቢ ብሏል። በጣም የታወቀው የ1960 ዓ.ም. አመፅ ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። አዋጁ የሚለው ገበሬው ካገኘው ገቢ ላይ ግብር ይክፈል ነው። ገቢውን ለማወቅ ግን ገማች መላክ ያስፈልጋል፤ ገማቹ ማሳውን ማየት፣ ምርቱን መገመት አለበት። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ያለው ገበሬ ይህንን ሲሰማ የመጣበት ሐሳብ ሌላ ነበር። ዛሬ ምርቴን ገመቱ፣ ነገ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ቀላድ፣ ይጥሉብኛል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዱታል ብሎ ሠጋ። ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት ዞረ። ጦር ዘመተ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴን አንሥተው ሌላ ሾሙ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ይህንን ታሪክ ብዙ ሰው የግብር አመፅ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከዚያ የሰፋ ነገር አይበታለሁ። ገበሬው የተቃወመው መክፈሉን ብቻ ቢሆን ኖሮ ተደራድሮ ይከፍል ነበር፤ ከዚያ በፊትም ግብር ሲከፍል ኖሯል። የተቃወመው መታወቁን ነው። መሬቱ ተለክቶ፣ ምርቱ ተገምቶ፣ እሱ በማያየው ቢሮ፣ እሱ በማያነበው መዝገብ ላይ ሊሰፍር ነው። ያ መዝገብ ደግሞ ነገ ምን እንደሚያደርገው የሚያረጋግጥለት የለም። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ቀላድ የተጣለበት ሕዝብ ምን እንደደረሰበት ወሬው ጎጃም ደርሷል።

ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ይሁን የሚለው አዋጅ ወጣ፤ የርስት ሙግትም ከነሐረጉ አበቃ። የመሬቱ ዕውቀት ከአዛውንቶች ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበር መዝገብ ገባ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል እንደገና የመሬት ድልድል ተደረገ። ምሥራቅ ጎጃም ይህንን ድልድል መቼም አይረሳውም። በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር አመራር የሠሩ ሰዎች ‘ቢሮክራት’ ተብለው ተመዘገቡ፣ ሌሎችም ‘የፊውዳል ርዝራዥ’ ተባሉ፤ ይዞታቸውም ተቀንሶ 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ያህል ብቻ ቀረላቸው። በዝርዝሩ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው የሚወሰነው ሰው በማይሰማው ስብሰባ ነበር። ስም መመዝገብ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል አገሬው በራሱ ላይ አየው።

እንግዲህ አዲስና ጉሊት የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከድልድሉ 6 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የመሬት ምዝገባው በጎዛምን ተጀመረ። ገማች አላስገባም ብሎ ጥይት የተኮሰው ገበሬ የልጅ ልጅ፣ ገመድ ይዞ ማሳውን አስለካ። ለምን?

ያየነው ልዩነት እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ ልኬታውን የሚመሩት ነዋሪው ራሱ የመረጣቸው የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ጎረቤት ባለበት፣ አዋሳኝ እያየ ይለካል። ቀጥሎ፣ መረጃው በወረዳው ባሕር መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ግልባጩ ለባለይዞታው ይሰጣል። ይህ የመሬት ደብተር የምንለው ነው። ውስጡን ገልጦ ላየው ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስም አለ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ማሳው ስንት እንደሆነ፣ በየአቅጣጫው የሚያዋስነው ማን እንደሆነ ተጽፏል። በርስት ዘመን ሐረጓን የሚቆጥርላት ያልነበረ ሴት፣ ፊቷ በመንግሥት መዝገብ ላይ ከባሏ ፊት ጎን ተቀመጠ። ከዚህ ሁሉ የመረጃ ለውጥ መካከል በእኔ ዓይን ትልቁ ይህ ነው። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ከመሬቱ ላይ ሊያስወጣት ቢሞክር፣ ከሣጥኗ የምታወጣው ነገር አላት።

ገበሬው ደብተሩን የፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። ዳግም ድልድል ይመጣል የሚለው ሥጋት ገና አልበረደም ነበር። በ1960 መመዝገብ መሬት ያስወስዳል ተብሎ ተፈራ፤ በ1995 አለመመዝገብ መሬት ያስወስዳል ተብሎ ተፈራ። በሁለቱም ጊዜ ገበሬው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ግልባጩ በእጁ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ መጣ። የመጀመሪያው ደብተር ስምና አዋሳኝ ይነግራል እንጂ የማሳውን ቅርጽ በትክክል አያሳይም። በሁለተኛው ደረጃ ከሳተላይት ወይም ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይመጣል። ባለሙያው፣ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በማሳው ዳር እየዞሩ ወሰኑን በወረቀቱ ላይ ያሰምራሉ፤ ለእያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። የተሰመረው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ካርታውና ስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ዕይታ ይለጠፋል፤ ስሙ የተሳሳተ፣ ወሰኑ የተዛነፈ ሰው አቤት ይላል። ይህችን የዕይታ ጊዜ አትናቋት። መረጃው ገና ሳይደርቅ ባለቤቱ የሚያየው፣ የሚያርመው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ካርታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ብድር መውሰድ የቻለ ገበሬም በክልላችን አለ።

አንድ ችግር ግን በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ አድማጮቻችንን ይመለከታልና። መሬት የተመዘገበ ዕለት መረጃው ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ይሞታል፣ ይጋባል፣ ይፋታል፣ መሬቱን ለልጁ ያወርሳል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጣል፣ ያከራያል። ይህ ሁሉ ለውጥ ወረዳው ሄዶ ካልተመዘገበ መዝገቡ ያረጃል። አባት ከሞቱ ዓመታት አልፈው ደብተሩ አሁንም በእሳቸው ስም የሚገኝበት ቤት ስንት ነው? ወንድማማቾች በሽማግሌ ተስማምተው መሬቱን ተካፍለው ያርሱታል፤ ሰላም ነው። አንደኛው መሬት አስይዞ ሊበደር ሲሄድ ወይም ለመንገድ ሥራ ካሳ ሲመጣ፣ መዝገቡ የሚያውቀው ሟቹን ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሙግቱ ይነሣል። መዝገብ ያለው አገር መዝገቡን ካላደሰ፣ ከትዝታው ዘመን የባሰ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱም በትዝታው ዘመን ሽማግሌው የሰውየውን መሞት ያውቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ከመሬት ወደ ገበያ እንሂድ። ከዚህ ቀደም ከቢቸና ወይም ከደብረ ወርቅ አካባቢ ጤፉን በአህያ ጭኖ የወጣ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው ገበያው መሐል ሲደርስ ነበር። ዋጋው ቢወርድበት ጭኖ መመለሱ ስለሚከብደው ነጋዴው በጠራለት ይሸጣል። የእጅ ስልክ ይህንን ቀይሮታል። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር፣ የገበያው መሥራች ወይዘሮ እሌኒ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቻቸው ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ ዋጋው ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሰማ ማድረግ ነበር፤ 929 ላይ በመደወል የዕለቱን ዋጋ መስማት ተቻለ። መጀመሪያ የተገበያየው እህል በቆሎና ስንዴ ነው፤ በኋላ ግን ገበያው በቡናና በሰሊጥ ላይ አተኮረ፣ የጎጃም እህል በአብዛኛው በድሮው ደላላና ነጋዴ እጅ ቀረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 8028 የሚባለው የገበሬዎች የነፃ ስልክ መስመር ተከፈተ። ደዋዩን በአማርኛ ያናግሩታል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘር አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይና በሽታ ይሰማል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጆሮው የሚማርበት መንገድ በመሆኑ እኔ ይህንን አገልግሎት በጣም ነው የማከብረው፤ የሬዲዮ ታናሽ ወንድም ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋ ማወቅና በዋጋው መሸጥ ይለያያሉ። የጤፍ ዋጋ በጥር ዝቅ ብሎ በክረምት እንደሚወጣ የማያውቅ ገበሬ ጎጃም ውስጥ የለም። እያወቀም በጥር ይሸጣል፤ ግብሩ፣ የማዳበሪያ ዕዳው፣ የልጆቹ ወጪ የሚጠይቀው ያኔ ነውና። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጎተራ ኖሮት፣ ብድር ኖሮት እስከ ሰኔ መቆየት ካልቻለ፣ በስልኩ ከሰማው የሰኔ ዋጋ ለገበሬው የሚተርፈው ቁጭት ብቻ ነው። ስለ መረጃ ማኅበረሰብ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች መረጃ ሲደርስ ኑሮ ይለወጣል ብለው ያቆማሉ። ጎተራ የሌለበት መረጃ ብዙ አይራመድም።

ገንዘባችንም ቁጥር እየሆነ ነው። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው በቁልፍ ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይገባበታል። ከአዲስ አበባ ልጅ የላከው ብር በደቂቃ ውስጥ ደብረ ኤልያስ ያለች እናት ጋ ይደርሳል። ችግሩ የምስጢር ቁጥሯ ላይ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ቁጥሩን ለሚያወጣላቸው ሰው ይነግሩታል፤ ቁጥሩን የያዘ ደግሞ ገንዘቡን ይዟል። በአንዳንድ ሰው ላይም ‘ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩን’ እያሉ የሚደውሉ አታላዮች ጉዳት አድርሰዋል። ከየትኛውም ድርጅት ነኝ ይበል፣ የምስጢር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። ለልጅዎም ቢሆን፣ በጣም ካልቸገረዎት በስተቀር፣ አይንገሩ፤ ነግረው ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ስልክ ቁጥራችን፣ የፋይዳ መታወቂያችን፣ የባንክ ደብተራችን፣ የመሬት ካርታችን እያንዳንዱ ስለ እኛ የሆነ ነገር ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ራሳችን የተመዘገበውን መጨረሻ የምንሰማው እኛ እንዳንሆን ያሰጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚሁ ነው የታሰበው፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዲኖረው። አዋጁ ገና ወጣት ነው፣ በገጠር ስሙን የሰማም ጥቂት ነው።

የመረጃ ማኅበረሰብ ሌላው ጠባዩ በመስመር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ተማሪው ትምህርቱን፣ ነጋዴው ደንበኛውን፣ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ወሬውን አጣ። መስመር ሲቋረጥ ወሬ አይቋረጥም፤ እንዲያውም ይበዛል። የሆነውንና ያልሆነውን የሚለይ ሲጠፋ፣ ሰው የፈራውን ያምናል። በ1960ም የሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለ አዋጁ በግልጽ የሚያስረዳና የሚታመን ሰው ስላልነበረ ወሬው ከአዋጁ ቀድሞ ቢቸና ገባ። መረጃን በመዝጋት ወሬን ማስቆም የቻለ የለም፣ ከእንግዲህም የሚችል አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ መነሻችን፣ ወደ መሬቱ መዝገብ እንመለስ። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የመሬት ደብተራችሁን ወይም ካርታችሁን ከሣጥን አውጡት። ማንበብ የምትችሉ አንብቡት፤ የማትችሉ ትምህርት ቤት ያለውን ልጃችሁን አስነብቡት። በመጀመሪያ ስም ተመልከቱ፤ የሞተ ሰው ስም ካለ፣ ወይም የሚስት ስም ከቀረ፣ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሳድሱ፤ የወራሽነት ማስረጃና መታወቂያ ያዙ። ቀጥሎ የማሳውን ቁጥርና ስፋቱን፣ ከዚያ በየአቅጣጫው ያሉትን አዋሳኞች ስም እያያችሁ ከመሬቱ ጋር አስተያዩት። ጽሕፈት ቤቱ ስለ ይዞታችሁ የያዘውን መረጃ አላሳይም ካላችሁ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ የቀረበበትንም ቀን አስፈርሙ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ካልሰጠ አቤቱታ የሚቀርበው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።